ደብተሩን ዝጋና ንገረኝ

ተማሪ ሳለሁ የፈተና ዋዜማ ደብተሬን አምስት ጊዜ እደጋግመው ነበር። በአምስተኛው ላይ ሁሉንም ያወቅሁት ይመስለኛል። በማግስቱ ወረቀቱ ፊቴ ሲቀርብ ግን ባዶ! «ጭንቅላቴ አይዝም» እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ወቀስኩ።

ለካስ ጥፋቱ የጭንቅላቴ ሳይሆን የአጠናኔ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1939 ኸርበርት ስፒትዘር በአሜሪካ አዮዋ ግዛት 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስነብቦ በተለያየ ቀን ፈተናቸው። ወዲያው የተፈተኑት ከሳምንታት በኋላም የተሻለ አስታወሱ። ማንም ልብ አላለውም ማለት ይቻላል። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ነገሩን መልሰው አነሱት። አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ በአራት ዙር አነበበ፤ ሌላው በአንዱ ዙር አንብቦ በሦስቱ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ የያዙት 40 በመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ሆነ።

ይሄን ሳነብ የቆሎ ተማሪው ትዝ አለኝ። ቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ የኔታ ፊት ይለዋል፤ ሲስት ይታረማል። እኛ ዘመናዮቹ «ሽምደዳ» ብለን ሁሉንም ባንድ ላይ ጣልነው። ትርጉሙን ሳይረዱ ማነብነብ ይወቀስ፤ ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ግን ራሱ ትምህርት ነው።

ዛሬ ልጄ «አባዬ፣ አጥንቼ ጨረስኩ» ሲለኝ ደብተሩን ዘግቼ «እስቲ ንገረኝ» እለዋለሁ። ይደናገራል፤ ይናደዳል። ይናደድ! ጥናቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።