በመኖሪያ ቤት ወጪ ቆጣቢ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና የመሣሪያዎች አቀማመጥ

የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ዕቅድ መዘጋጀት ያለበት ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ነው። ከልስን በኋላ የሚደረግ ለውጥ ግድግዳ ማፍረስን፣ ዳግም መለሰንና ቀለም መቀባትን ስለሚያስከትል ወጪው ከሽቦው ዋጋ ይበልጣል።

በብዙ ግቢዎች ቆጣሪው በአጥሩ በር አቅራቢያ ሲተከል፣ ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ይሠራል። በዚህም ምክንያት ከፍተኛ ኃይል የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ከኃይሉ መግቢያ እጅግ ይርቃል። የዕቅዱ ዋና ዓላማ ይህን ርቀት ማሳጠር ወይም በአግባቡ ማስተናገድ ነው።

1. የኃይል ፍላጎትን መዘርዘር

በቅድሚያ በቤቱ የሚኖሩት መሣሪያዎች ከነዋታቸው ይመዘገባሉ። የዋቱ መጠን ለ220 ቮልት ሲካፈል መሣሪያው የሚወስደው አምፔር ይገኛል። ለምሳሌ 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ የ10 ዋት አምፖል ግን ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። ዝርዝሩ የሽቦ ውፍረትን ለመምረጥ፣ እንዲሁም ነጠላ ፌዝ ወይም ሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ያገለግላል።

2. የማከፋፈያ ሳጥኑ ቦታ

ማከፋፈያ ሳጥኑ ለምጣድ፣ ለምድጃና ለውሃ ማሞቂያ ቅርብ በሆነ ደረቅ ቦታ ቢተከል ይመረጣል። ማዕድ ቤቱ ለብቻው የተሠራ ከሆነ አንድ ወፍራም መስመር ወስዶ በዚያው ንዑስ ማከፋፈያ ማድረግ፣ ብዙ መስመሮችን ከዋናው ቤት ከመጎተት ይሻላል። መታጠቢያ ቤትና ማዕድ ቤት ጎን ለጎን ሲሠሩም ሽቦውም የሙቅ ውሃ ቧንቧውም ያጥራሉ።

3. ርቀትና የሽቦ ውፍረት

ከላይ የተጠቀሰው ምጣድ ከማከፋፈያው 20 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢሠራ፣ የመሄጃና የመመለሻው ሽቦ በድምሩ 40 ሜትር ስለሚሆን 70 ዋት ያህል ኃይል በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሽቦው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ ወደ 45 ዋት፣ ቀጭኑ ሽቦ ሳይለወጥ ርቀቱ 8 ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ 29 ዋት ይወርዳል። የባከነው ኃይል በቆጣሪው ተመዝግቦ የሚከፈልበት ነው።

በተለምዶ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ 4 ካሬ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል። ምጣድና ውሃ ማሞቂያ ለየራሳቸው መስመርና ብሬከር ያስፈልጋቸዋል።

4. የመሣሪያዎች አቀማመጥ

• ማቀዝቀዣ ከምድጃና ከቀጥታ ፀሐይ ሊርቅ ይገባል።
• ሶኬቶች ከውሃ ቧንቧና ከዕቃ ማጠቢያ መራቅ አለባቸው።
• ማብሪያ ማጥፊያ በበሩ እጀታ በኩል ይተከላል።
• የሶኬቶች ቁጥር በቂ ከሆነ ለአደጋ የሚያጋልጡ ማራዘሚያዎች አያስፈልጉም።

5. ወጪ የማይቀነስባቸው ጉዳዮች

የመሬት ሽቦን መተው ቁጠባ አይደለም። የምጣድ አካል ከብረት ሲሆን የማዕድ ቤት ወለል ደግሞ ዘወትር እርጥብ በመሆኑ፣ ያለ መሬት ሽቦ የተፈጠረ ብልሽት ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ኃይል የሚያቋርጥ መከላከያም እንዲሁ አስፈላጊ ነው።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ ሽቦው ሳይለወጥ በትልቅ ብሬከር መተካት ክልክል ሊሆን ይገባል። ብሬከሩ የሚመረጠው በሽቦው አቅም ልክ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ግሎ እሳት ያስነሣል።

6. ከልስን በፊት

ሽቦዎች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ሊዘረጉ ይገባል። ለወደፊት ጭማሪ የሚሆን ባዶ ቱቦ መተው በኋላ ግድግዳ ከመስበር ያድናል። ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተከናውኖ ሲፈተሽ፣ ባለቤቱ የመስመሮቹን ፎቶግራፍና ንድፍ ቢያስቀምጥ ለቀጣይ ጥገና ይጠቅመዋል።