የክላራ ረግረግ

በአየርላንድ እምብርት፣ በኦፋሊ አውራጃ፣ ከክላራ ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ረግረግ ድሮ ሐይቅ ነበር። የበረዶው ዘመን ከ10 ሺህ ያህል ዓመታት በፊት ካበቃ በኋላ ሐይቁ ቀስ በቀስ በሸንበቆና በቄጠማ ቅሪት ተሞላ። ውሃ የተኛበት ቅሪት አየር ስለማያገኝ በቅጡ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ፒት የሚባለውን ጥቁር ቡናማ አፈር ይሆናል። በላዩ ስፋግነም የተባለ ሥር የለሽ ዕፅ በቀለ። ስፋግነም የክብደቱን 20 እጥፍ ያህል ውሃ ስለሚይዝ፣ እፍኝ ሙሉ አንስቶ የጨመቀ ሰው ክንዱ ይርሳል። ፒቱ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየጨመረ ረግረጉን እንደ ጉብታ ከፍ አደረገው።

አፈሩ ለምነት የለውም። ድሮሴራ የምትባለው ትንሽ ተክል ግን መላ አላት፤ በቅጠሏ ፀጉሮች ጫፍ ላይ ጤዛ በሚመስል ሙጫ ትንኝ ትይዛለች፣ ቅጠሏን ቀስ በቀስ አጥፋም ትመገበዋለች። በረግረጉ ላይ እንሽላሊት፣ እንቁራሪትና ጥንቸል፣ እንዲሁም ትናንሽ አእዋፍን የሚያድን ጭልፊት ይኖራሉ።

ደን በተመናመነባት አየርላንድ ፒት የድሃው ማገዶ ነበር። ገበሬው እንደ ጡብ እየቆረጠ፣ እንደ ኩበት እያደረቀ ለብርዱ ወራት ይከምረው ነበር። ይህ ልማድ ለዘመናት ጠርዙን ነካ እንጂ መካከሉን አልደፈረም። መካከሉን የጎዳው ቦይ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ረግረጉን ለሁለት ከፍሎ የተሠራው መንገድ ቦዮች ውሃውን ስላፈሰሱት በዙሪያው ያለው መሬት ሰመጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ቦርድ ና ሞና የተባለው የመንግሥት ድርጅት ደግሞ ፒትን በማሽን በሰፊው ያመርት ጀመር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክላራን ምሥራቃዊ ክፍል በቦይ ሸነሸነው።

ደግነቱ ቆረጣው ሳይጀመር ተደረሰበት። በ1987 ወደ 460 ሄክታር የሚሆነው መሬት የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ በ1988 እርጥብ መሬቶችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ገባ። የራሳቸውን ረግረጎች ቆርጠው የጨረሱት ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች ከአየርላንዳውያኑ ጋር ውሃው እንዴት እንደሚመላለስ አጠኑ። ቦዮቹም በፒት እየተደፈኑ ውሃው ተመለሰ፤ ስፋግነሙም ተከትሎት መጣ።

ጥብቅ ስፍራ መሆኑ ግን ጠርዙን አላዳነም። በደቡብ በኩል ከክልሉ ውጭ ማገዶ ቆራጮች ሥራቸውን በመቀጠላቸው ውሃው ከሥር ሾለከ፤ በቦይ ያልተሸነሸነው ምዕራባዊ ክፍል ሰመጠ። ከአየርላንድ ጉብታማ ረግረጎች የቀድሞ ስፋት ዛሬ አዲስ ፒት የሚሠራው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ክላራ ከዚያ ጥቂት ቅሪት አንዱ ነው።