በእሳት የነጠረ የአክታ ምርመራ

ማርች 24 ቀን 1882 (እ.ኤ.አ.) ምሽት ላይ ሮበርት ኮህ የተባለ የ38 ዓመት ሐኪም በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ፊት ቆሞ የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን አስረዳ። ከሰባት ሟች አንዱን የሚወስደው ይህ በሽታ እንደሆነም ተናገረ። ማይክሮስኮፑንና ናሙናዎቹን ይዞ መጥቶ ስለነበር የተጠራጠረ ሁሉ ቀርቦ ማየት ይችል ነበር።

የኮህ ዘዴ ግን ታማሚ ለሚጠብቅበት ሆስፒታል አይመችም ነበር፤ ናሙናው ቀለም ውስጥ እስከ 24 ሰዓት መቆየት ነበረበት። የባክቴሪያው ሽፋን ሰም የመሰለ ቅባት ስለሆነ ቀለም በቀላሉ አያስገባም።

ከአድማጮቹ አንዱ በሻሪቴ ሆስፒታል የሚሠራው ወጣቱ ሐኪም ፖል ኤርሊክ ነበር። ቀለም የነኩ ስላይዶቹን በቀዝቃዛ ምድጃ ላይ አሳድሮ ሳለ፣ ጠዋት ሠራተኛዋ ሳታውቅ እሳት ለኮሰችበት ይባላል። ታሪኩ እንዲህም ሆነ አልሆነ፣ ሙቀት ቀለሙን በሽፋኑ አሳልፎ እንደሚያስገባ ታወቀ። ለእኔ ከዚህም የሚበልጠው ሌላው ግኝቱ ነው፤ አንዴ የገባውን ቀለም አሲድ እንኳ አያስለቅቀውም። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአሲድ ሲነጡ፣ የነቀርሳውና እንደ ሥጋ ደዌ ያሉት ጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ቀለማቸውን ይዘው ይቀራሉ።

ፍራንዝ ዚልና ፍሪድሪክ ኔልሰን ዘዴውን አሻሻሉት፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠሩታል። ኤርሊክ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያስለው አክታውን በገዛ ዘዴው መረመረ። ባክቴሪያውን አገኘው። በ1888 ወደ ግብፅ ሄዶ አገግሞ ተመለሰ፤ በ1908ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ርካሽ ምርመራ አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ስንቱን ታማሚ ለመድኃኒት አብቅቷል! ጉድለቱ ግን ያሳዝናል። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ባክቴሪያ ከሌለ ማይክሮስኮፕ አያገኘውም። በዚህም የተነሳ ሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ቲቢ እያለባቸው «ነፃ» ተብለው ይመለሱ ነበር።

በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጂንኤክስፐርት የተባለውን መሣሪያ ደገፈ። መሣሪያው የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱንም ይለያል። ሆኖም የሞተ ባክቴሪያ ዘረመልም ስለሚያገኝ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው እየዳነ መሆኑን ለመከታተል አይሆንም። ለዚያ የሚታዘዘው አክታን በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ነው።