ግራ ጌታ፣ ቀኝ ጌታ እና አምስት እስፒከር

ነገሩ የመጣው በካርቶን ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለአባታችን አንድ ትልቅ ዕቃ ላከ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ እንጅባራ ላይ ታጥፎ ጫግኒ ሲደርስ አንዱ ጥጉ እንደ ጣሳ ተጨፍልቋል። ስንከፍተው አምስት ትንንሽ እስፒከሮች፣ አንድ ማጉያና ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አንድ ከባድ ሳጥን ወጣ። ሊያዩ ለመጡት ጎረቤታችን «ሆም ቴአትር ይባላል» አልኳቸው። «ቴአትር በቤት? ተዋንያኑን ማን ሊያበላቸው ነው?» አሉኝ።

«አባባ ይዝናኑበት» ነበር የወንድሜ መልእክት። አባቴ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ከወጡ ወዲህ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ እንጂ አይከታተሉም፤ ስናወራቸው አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። እናቴ «ኩርፊያ አብዝተዋል» ትላለች፤ ወንድሜ ደግሞ ብቸኝነት ነው ብሎ ያምናል። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ሦስታችንም ተሳስተን ኖሯል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ክፍሏን ላስተዋውቃችሁ። ግድግዳዋ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ጆንያ ተተርትሮ የተሰፋ። ርዝመቷ 7 ሜትር፣ ስፋቷ 3 ሜትር ብቻ። በመንገዱ በኩል ያለው ጫፏ መንገድ ሲሰፋ ተቆርጦ እንደ ማጭድ ጫፍ ሾሏል። መሃሏ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ምሰሶ አለ፤ በስተኋላ ደግሞ ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ የአፈር መደብ። የአባቴ መቀመጫ እሱ ነው። መደብ ደግሞ እንደ ሶፋ ገፋ አድርጉት አይባልም!

እኔ ልጅ ሳለሁ ይህች ክፍል ለአንድ ወጣት ተከራይታ ቪዲዮ ቤት ነበረች። መደቡን ያሠራውም እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ባለ ቁልፍ ያለው ሣጥን ላይ ይቀመጣል፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፣ በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፤ ካራቴ፣ ህንድ፣ አንዳንዴ የአማርኛ ድራማ። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር። እኔ የአከራይ ልጅ ብሆንም አባቴ እንዳልገባ ስለከለከሉኝ ከሌሎቹ ሳንቲም ከሌላቸው ልጆች ጋር ከግድግዳው ሥር ቁጭ እል ነበር። ተከራያችን ደንበኛ ለመጥራት አንዱን ትልቅ እስፒከር ወደ መንገድ አዙሮ በሩ ላይ አቁሞት ነበርና ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ውጭ ይሰማል። በሕይወቴ የመጀመሪያውን የህንድ ፊልም ያየሁት በጆሮዬ ነው። ጀግናው ጢም እንዳለው ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚች ክፍል ውስጥ ነው መመሪያውን ዘርግቼ የተቀመጥኩት። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ሲያዩት ያስቀናል። ክፍሉ የተስተካከለ አራት ማዕዘን፤ ሰውየው መሃል ላይ ወንበር ላይ፤ እስፒከሮቹ ደግሞ በክብ ዙሪያውን። አንዱ በቀጥታ ከፊቱ፣ ሁለቱ ከፊት በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ ሁለቱ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ። የኔ ሰው ጀርባቸው ግድግዳ ነክቷል። «ወደ ኋላ» የሚባል ቦታ የለም፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው የጎረቤት ጎመን ነው።

ይህን ክብ ማን ነው ያመጣብን? ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ገመድ ከመቀጠል ይልቅ ታሪክ መጎርጎር ነው። እኔም ሁለት ቀን ጎረጎርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ላይ በተደረገው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ የኦፔራ ቤቱን ድምፅ በስልክ መስመር አስተላለፈ። አድማጩ ለእያንዳንዱ ጆሮው አንድ አንድ ማዳመጫ ይዞ፣ ዘፋኙ መድረኩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ በጆሮው ተከተለው። ሃምሳ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1931 አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ እንደሚተረከው ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ሴት ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ሰውየው በስክሪኑ ላይ ከዳር ዳር እየሄደ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ መውጣቱ አናደደው፤ በዚያው ዓመት ዛሬ ስቴሪዮ የምንለውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። (አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ራዳር ሲሞክር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።) እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ፊላዴልፊያ የሚጫወት ኦርኬስትራን በሦስት መስመር ወደ ዋሽንግተን ላኩት። ለምን ሦስት? ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ከአዳራሹ ዳር የተቀመጠ ሰው ቅርቡ ያለውን ብቻ ይሰማል፤ የመሃሉ ድምፅ መሃል ላይ እንዲቆይለት የራሱ እስፒከር ያስፈልገዋል። እስከ ዛሬ በፊልም ውስጥ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ከመካከለኛው ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ ዋልት ዲዝኒ መጣ። ፋንታዝያ የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940 ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት ድምፁ አዳራሹን እንዲከብ ልዩ መሣሪያ ተተክሎለት ነበር። መሣሪያው ውድና ግዙፍ ስለነበር የተተከለባቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 1933 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ ጎጃም ጦርነት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሡ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ ዳንግላ የነበረው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቀቀ። ለኔ ግን ከሁሉም የሚደንቀኝ ጆርጅ ስቲር ነው። የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም የዘገበው ጋዜጠኛ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የፕሮፓጋንዳ ክፍል አዛዥ ሆኖ፣ በራሪ ወረቀትና ድምፅ ማጉያ ይዞ በጣሊያን ሥር የተሰለፉትን የአገር ልጆች በአማርኛ «ክዱ፣ ወደኛ ኑ» ያስብል ነበር። ኒውዮርክ ድምፅ ሰውን ሲከብ፣ እኛ ጋ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኮስ ነበር ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ቆየ። አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ለስብሰባ የተጠሩበት የቀበሌ ማይክ፣ የተከራያችን የበር ላይ እስፒከር፣ ሁሉም የስቲር ዘሮች ናቸው።

ዳዊት ደገማውን ላሳጥረው። ዶልቢ ስቴሪዮ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲኒማ ቤቶችን ያዘ፤ በ1977 «ስታር ዋርስ» ስሙን አገነነው። አምስት እስፒከርና አንድ የባስ ሳጥን የሚለው አቀማመጥ በዲጂታል መልኩ በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» ይዞት ወጣ። በ1996 መጨረሻ ዲቪዲ ጃፓን ላይ ለገበያ ሲቀርብ ያ ሁሉ ወደ ሰው ሳሎን ገባ። ሳሎን ሲባል የነሱ ሳሎን ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ ስደርስ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ እኔም ሳቄ መጣ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ በዓል ሲሆን ማኅሌት ይቆማሉ። ድምፅ ከብቦን የኖርነው ዲዝኒ ሳይወለድ ነው! ክቡን ቤተ ክርስቲያን አስቡት፤ መሃል መቅደስ፣ ዙሪያውን ቅድስት፣ ከዚያ ውጭ ቅኔ ማኅሌት። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ግራ ጌታ፣ ቀኝ ጌታ የሚባል ማዕረግ ያለን ሕዝብ ነን፤ ግራና ቀኝ ድምፅ ሹመት ያገኘው እኛ ጋ ነው። የቬኒስ ሰዎችም በ16ኛው መቶ ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ ዘማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ሲያቀባብሉ ነበርና ብቻችንን አይደለንም። ልዩነቱ የኛው ዛሬም እሑድ እሑድ መቀጠሉ ነው።

ወደ ሥራው። አንድ ዕቃ ሻጭ «ይህ ቤት ለሆም ቴአትር አይሆንም፤ አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ ደግ አደረግሁ። ብሎኬት ቤት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ዘመዳችን ጋ ሄጄ አጨብጭቤ አይቻለሁ፤ ጭብጨባው ተመልሶ ሰላም ይልሃል። የኛ ጭቃ ግን ወጣ ገባ ስለሆነ ድምፁን ይበትነዋል፤ የማዳበሪያው ኮርኒስ ከላዩ ባዶ ቦታ ስላለው ይርገበገብና ከወፍራሙ ድምፅ የተወሰነውን ይበላል። ጠላቷ ቆርቆሮው ነው። የጫግኒ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን እስፒከር፣ ጎንህ ያለ ሰውም አይሰማህም። ለሱ መድኃኒት የለኝም፤ ጠፍቶ መጠበቅ ነው።

የፊት እስፒከሮቹን ማቆሚያ ከእንጅባራ በመጣ ቀርከሃ አሠራሁ። የኋላዎቹን ከመደቡ ግራና ቀኝ፣ ጎን ግድግዳው ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው፤ መመሪያው ካለው ወደ ፊት መጥተዋል፣ ግን ምን ይደረግ። ቴሌቪዥኑን ከምሰሶው ለማሸሽ ወደ ሾለው ጥግ ገፋሁት። የባሱ ሳጥን ላይ ደግሞ የተማርኩት ዘዴ አለ። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ አይለይም፤ የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ስምንት ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ከክፍላችን ይበልጣል። ስለዚህ የት ቢቀመጥ ግድ የለውም ትላለህ፤ ግን 3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ይጮሃል፤ አንዱ ጋ ይጎላል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። ዘዴው ሳጥኑን የአድማጩ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ግድግዳውን ተከትሎ በእጅና በእግር መዳህ ነው። ድምፁ ያማረበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ይሆናል። ዲግሪ የያዘች ልጃቸው መሬት ለመሬት ስትድህ አባቴ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ምንም አላሉም።

ከዚያ መሞከሪያው መጣ። ማሽኑ ከእስፒከር ወደ እስፒከር የሚዞር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። አባቴን መደባቸው ላይ አስቀመጥኩና «አባባ፣ ከየት እንደሚሰማዎት በእጅዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። የፊት ግራ ጮኸ፤ ወደ ቀኝ አሳዩ። መካከለኛው ጮኸ፤ ወደ ቀኝ አሳዩ። የፊት ቀኝ፤ ወደ ቀኝ። ከግራ ጆሯቸው አጠገብ ያለው ሲጮህ ጭራሽ እጃቸውን አላነሱም። እናቴ ቀልዳቸውን መስሏት ሳቀች። እኔ ገመድ ተሳስቼ መሰለኝና ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ቀጠልኩ። ያው ነው።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አሉኝ። «በግራው ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ይመግለኝ ነበር፤ ከዚያ ዘጋ።»

ለእናቴም ነግረዋት አያውቁም። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ቅርብ ያለው ጆሮ ከሩቁ ቀድሞ ስለሚሰማ ነው፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያንሳል። ጆሮው አንድ የሆነ ሰው ይህ የለውም፤ ንግግርን ከጫጫታ ነጥሎ ማውጣትም ይከብደዋል። ቀኙ ደግሞ በዕድሜ እየደከመ ነበር። አምስት ሜትር ርቆ፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ውጭ ባጃጅ እየጮኸ፣ ቴሌቪዥን ለሳቸው ጉምጉምታ ነበር ማለት ነው። የኛም ወሬ እንዲሁ። ኩርፊያ ያልነው ይህን ነው።

በማግሥቱ ሥዕሉን ተውኩት። ያዙልኝ ያልኳችሁን መካከለኛውን እስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር ነቅዬ በረጅም ገመድ መደቡ ድረስ አመጣሁት፤ ከቀኝ ጆሯቸው አንድ ሜትር ላይ ቀርከሃ ላይ አስቀመጥኩት። ማሽኑ ውስጥ ርቀቱን «1 ሜትር» ብዬ ሞላሁ፤ እሱም የቅርቡን ድምፅ ለእያንዳንዱ ሜትር ልዩነት ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲገጥም። ግራ በኩል ያሉትን ለእናቴ ብዬ አልነካኋቸውም። የቤል ሰዎች ቢያዩኝ ያለቅሱ ነበር፤ መካከለኛው ዳር ወጥቷል።

ያን ማታ ቡና እየተፈላ፣ ስንት ዘመን ማኅሌት እንዴት እንደቆሙ ጠየቅኋቸው፤ አንዱ ወገን ሲቀበል ካልተሰማ እንዴት ይመራል?

«ታዲያ ሁልጊዜ ከግራ የምቆመው ለምን መሰለሽ?» አሉኝ። «ፊቴን ወደ መቅደስ ሳዞር ሰዎቹ በሙሉ በቀኜ ናቸው።»

ዜና ተጀመረ። አንባቢው ሁለት አረፍተ ነገር እንዳነበበ አባቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ይህ ልጅ ማን ነው ያስተማረው? የሚጠብቀውን ሁሉ ያላላዋል» አሉ። ሦስተኛው ላይም አረሙት፤ አራተኛው ላይም። እናቴ ወደኔ ዞራ «በይ ንቀይው» አለችኝ።