ጡሩምባው ሲነፋ ማን ይወጣል? የእድር ታሪክ ከኮልፌ ሰፈሮች

ስለ ኅብረት ለመማር የሐዋርያት ሥራን እናነባለን፤ ደግ ነው። በደጃችን የሚተከለው ድንኳንም የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ስለ እድር እንነጋገር።

ኮልፌ ሲባል የውጭ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ የወሰዱትን የውትድርና ሥልጠና ነው። ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን ኮልፌ አጣና ተራ ነው፤ የሙስሊም መካነ መቃብሩ ነው፤ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከወሎና ከሸዋ የመጣ ሰው በአንድ አጥር ተጠጋግቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ኮልፌ ቀራንዮ 428,895 ነዋሪ ነበረው፤ በጊዜው ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይመሳሰል፣ ሞት በመጣ ቁጥር አንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጠው እንዴት ነው?

እድር መቼ ተጀመረ የሚለው ያከራክራል። ከተማ የወለደው ማኅበር መሆኑ ግን አያጠያይቅም። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ አለ፣ መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤትም ከአያት ከቅድመ አያት የታወቀ ነው። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባው ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ነው የመጣው። ቢሞት ማን ይገንዘዋል? ማን ይሸከመዋል? የእድር ጥንስስ ይህ ፍርሃት ነው። ከቀዳሚዎቹ መካከል ከጉራጌ አገር የመጡ ሰዎች ስም ይነሣል፤ ከጣልያን ወረራ ወዲህ ደግሞ እድር በየሰፈሩ ተስፋፋ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ልማድ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ሲጽፉ፣ እድር የከተማው ኑሮ አካል ከሆነ ቆይቶ ነበር።

እድርን ያቆመው ፍቅር ብቻ ነው የሚል ካለ የእድር ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም። ያቆመው መዝገብ ነው። ዳኛ ይመረጣል፤ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ ይመረጣሉ። ለፋፊው ገና ሳይነጋ ጡሩምባ እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል፤ በስብሰባ ላይ ሳይፈቀድለት የተናገረም እንዲሁ። ድንኳኑ ተቀዶ ቢመለስ፣ ብረት ድስቱ ቢጎድል የሚጠየቅ ሰው አለ። ባንክ ያለው ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ አይወጣም። ሴቶቹ በራሳቸው እድር ተደራጅተው እንጀራውን፣ ንፍሮውንና ውኃውን ያደርሳሉ፤ ሥራውን በእውነት ለክተን ብንናገር ከባዱ ሸክም የእነርሱ ነው። ባለ ፎቁና የቀን ሠራተኛው እኩል ያዋጣሉ፤ ድንኳኑም ለሁለቱ እኩል ይተከላል። ክርስቲያንና ሙስሊም በተቀላቀሉበት እድር እርዱ ይለያል፣ ምግቡ ይለያል፣ የቀብሩ ቦታም ይለያል፤ መዝገቡ ግን አንድ ነው።

ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዕዝራ ከባቢሎን ሲመለስ ብሩንና ወርቁን ለካህናቱ መዝኖ አስረከበ፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱም እንደገና ተመዝኖ ክብደቱ ተጻፈ (ዕዝራ 8)። የተቀደሱ ሰዎች ናቸውና መመዘን አያስፈልግም አላለም። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን መዋጮ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። አንዳንድ ቦታ ሒሳብ መጠየቅ እንደ አለመታዘዝ ሲቆጠር ስንሰማ፣ የሰፈሩን እድር ገንዘብ ያዥ ሄዳችሁ እዩ ማለት ያምረናል።

ሰው መቅበር የለመደ ማኅበር ሌላም ሥራ ይችላል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች እንደ እድር ባለ መዋጮ ተደራጅተው ወደ አገራቸው መንገድ ማስቆፈር ጀመሩ። መንግሥትም ማኅበራትን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1959 ዓ.ም. በወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ወደ መዝገቡ ለማስገባት ሞከረ። (የቅርቡ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን እንደ ባህላዊ ማኅበር ቆጥሮ አይመለከታቸውም።)

ከዚያ ደርግ መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ እድርም ቀብሩን ይዞ ቀረ። በቀይ ሽብር ጊዜ ያም ተነጠቀ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች ማልቀስ ተከለከሉ፤ ለእነዚያ ልጆች ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልተተከለም። ቀበሌም እኮ ስብሰባ ይጠራ ነበር፣ የቀረውንም ይቀጣ ነበር። ከውጭ ለሚያይ ከእድር ብዙም አይለይም። የእድር ዳኛ ግን የሚሾመውም የሚሻረውም በጎረቤቶቹ ነው፤ በማግሥቱም ከእነርሱ ጋር ውኃ ይቀዳል።

ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን ደግሞ ብዙ እድር ተፈተነ። ሞቱ በዛ፣ ካዝናው ሳሳ። አንዳንዶች ደንባቸውን አሻሽለው ለሞት የተዋጣውን ገንዘብ በሕይወት ላለው በሽተኛና ለወላጅ አልባ ልጆች ማካፈል ጀመሩ።

የወንጌላውያን አማኞች የእድር ታሪክ መራራ ገጽ አለው። ወንጌልን የተቀበለ ሰው ከእድር የተሰረዘበት፣ አስከሬኑ የመቃብር ቦታ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በየአጥቢያው የራሳችን እድር የተቋቋመው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በቂ ምክንያት ነበረው። ከእኛ በፊትም የተገፉ ነበሩ። በዚሁ በክፍለ ከተማችን ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በ1920ዎቹ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትን ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት በቦታው ተመሠረተ። ታክመው ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ ቀዬአቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፈሩ። ጎረቤት የሚሸሸው ሰው ጎረቤቱን ራሱ መሥራት ነበረበት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች በአገር ደረጃ የራሳቸውን ማኅበር እስከማቋቋም ደረሱ።

ዛሬ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ብዙ የሰፈር እድር ለአማኙ በሩን ከፍቷል፤ ብዙ አማኝ ግን የአጥቢያው እድር ይበቃኛል ይላል። አይበቃም ባዮች ነን። የአንድ አጥቢያ አባላት አንዱ ዓለም ባንክ፣ አንዱ አስኮ፣ አንዱ ቃሊቲ ይኖራሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለደረሰ ሞት ከቃሊቲ የሚመጣ የለም። እድር በእግር የሚለካ ማኅበር ነው፤ ጡሩምባው እስከሚሰማበት ድረስ። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም የገባውም ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ደረጃውን ወርዶ የሚደርስለት የብሎኩ ሰው ነው። ደግሞም በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን አብሮን ያልተቀመጠ ጎረቤት የምንሰብከውን ተስፋ ከየት ያየዋል?

አማኞች የሚያነሡት እውነተኛ ችግር አለ፤ የብዙ እድሮች ወርኃዊ ስብሰባ እሁድ ጠዋት፣ በአምልኮ ሰዓት ነው። ቅጣቱን እየከፈሉ መቅረት አንዱ መንገድ ነው፤ ግን በየወሩ ቀሪ የሆነ ሰው ለዳኝነት አይመረጥም። የሚሻለው ለዳኛው ቀድሞ ነግሮ ጉዳዩን በአጀንዳ ማስያዝ ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድሱት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶችም ያው ሰዓት ይቸግራቸዋል። የመተዳደሪያ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ይሁን ብሎ እጅ ማውጣት ይቻላል።