ዓለምወርቅ ዳቪድያን፦ በልጅ ዓይን የሚታይ ፊልም፣ በአማርኛ

ዓለምወርቅ ዳቪድያን የፊልም ዳይሬክተርና የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ በ11 ዓመቷ ወደ እስራኤል መጣች። ሙያውን የተማረችው ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሳም ስፒገል የፊልም ትምህርት ቤት ነው። ፊልሞቿ ለሕፃናት ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ነገሩን የምናየው ግን በልጅ ዓይን ነው። በ2016 ያወጣችው አጭር ፊልም፣ ከኢትዮጵያ ገና መጥታ መርካዝ ክሊታ ያረፈች ልጅን ይከተላል።

በሰፊው የታወቀችው በ2018 በወጣው «የበለስ ዛፍ» (በዕብራይስጥ «ዔፅ ተኤና») ነው። ዘመኑ 1989፣ በእኛ አቆጣጠር 1981 ገደማ፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሚና የ16 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ቀድማ እስራኤል ገብታለች፤ ሚና፣ አያቷና ወንድሟ ደግሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የምትወደው ኤሊ ክርስቲያን ስለሆነ አብሯቸው መሄድ አይችልም። እዚያው ቢቀር ደግሞ አፈሳ አለ፤ ወታደሮች ወጣቶችን ከመንገድ እየለቀሙ ወደ ጦር ሜዳ ይወስዳሉ። ሚና እሱን ለማትረፍ መላ ስትፈልግ ፊልሙ የመሄድን ደስታና የመለየትን ሐዘን አንድ ላይ ያሳያል። ስለ ዓሊያ የሚሠሩ ፊልሞች ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ዓለምወርቅ መነሻዋ የራሷ ልጅነት ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን የሚነገረው በአማርኛ ነው። በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ለሴት ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን የኦደንሺያ ሽልማት አግኝቷል።

ከእሷ አስቀድሞ በ2008 ሽሙኤል ቤሩ «ዝሩባቤል» የተባለውን ፊልም አቅርቦ ነበር። እዚያም ያለው ልጅ ነው፤ ካሜራ ይዞ ሰፈሩን ይቀርጻል፣ አያቱ ግን መንገድ ይጠርጋሉ።

ርሖቦት ውስጥ፣ ለምሳሌ በቅርያት ሞሼ፣ ብዙ አያቶች የዕብራይስጥ ቴሌቪዥን ሲያዩ የልጅ ልጆቻቸው ያስተረጉሙላቸዋል። «የበለስ ዛፍ» ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የልጅ ልጅ ከስር የተጻፈውን ያነብባል፣ አያት ግን ንግግሩን እንዳለ ይሰማሉ። ልጁ «አፈሳ ምንድን ነው? በእናንተ ሰፈርም ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው አያቱ ዘንድ ነው። ፊልሙ ጦርነትና የወጣቶች ፍቅር ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ከሚና ዕድሜ ጋር ለሚቀራረቡት ግን ይስማማል።