የማንኪራ ክብርና የሁለት ስሞች መመሳሰል

በከፋ ምድር፣ በዴቻ ወረዳ የሚገኘው ማንኪራ የቡና መገኛ መሆኑን ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠቅሰው እንግሊዞች ቡናን «ኮፊ» ማለታቸውንና ይህም ስም ከ«ከፋ» የተወለደ መሆኑን ነው፤ ነገር ግን በፊደል የተቀራረቡ ቃላት ሁሉ በትውልድ የሚዛመዱ አለመሆናቸውን እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ይህን ምስክር በጥሞና መመርመር ይገባል።

በዚያው ቋንቋ «ኮፊ» ቡና፣ «ኮፊን» የሬሳ ሣጥን፣ «ኮፈር» የገንዘብ ሣጥን ሲሆኑ፣ ጀማሪ ተማሪ አንዱን በሌላው ስፍራ እስኪጽፍ ድረስ በመልክ ይመሳሰላሉ። ኋለኞቹ ሁለቱ በላቲን በኩል የመጡት «ኮፊኖስ» ከሚለው የጽርእ ቃል ነው፤ በዚህም ቃል ወንጌላውያን፣ ጌታ አምስቱን ሺህ ሕዝብ ባበላ ጊዜ በፍርፋሪው የሞሉትን አሥራ ሁለት መሶቦች ሰይመውበታል። «ኮፊ» ግን ከዐረብኛው «ቀህዋ» ተነሥቶ፣ በቱርክና በሆላንድ አንደበት አልፎ፣ በ16ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ከእንግሊዝ አገር የደረሰ ነው። «ቀህዋ»ም ራሱ፣ የየመን ሱፊዎች በ15ኛው ምእት ዓመት ለሌሊት ጸሎት ይተጉ ዘንድ ቡናን ከመጠጣታቸው አስቀድሞ፣ በዐረብ ባለቅኔዎች ዘንድ የወይን ጠጅ ስም ነበረ። ከፋዎችም በገዛ ቋንቋቸው ቡናን «ቡኖ» ይሉታል እንጂ በአገራቸው ስም አይጠሩትም። ስለዚህ ምንም እንኳ የሁለቱን ስሞች ዝምድና የሚያምኑ ሊቃውንት ቢኖሩ፣ እኔ ሚዛኑ ወደ ዐረብኛው ያጋድላል እላለሁ።

ይህን ስል ግን ከከፋ ክብር ቅንጣት አልቀንስም። ስም መሳሳቱንማ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔዎስም በ1753 እ.ኤ.አ. ተክሉን «አራቢካ» ብሎ ሲሰይም ለዐረብ ምድር ያልተገባትን የእናትነት መዓርግ ሰጥቷታል፤ እኛም የእርሱን ስሕተት በሌላ ስም ልናርም አይገባንም። የጸናው ምስክር ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው የጫካ ቡና ነው፤ የዘሩም ብዝኃነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ያለውን ያህል በሌላ አገር እርሻ አይገኝም። የከፋ መንግሥት በ1897 እ.ኤ.አ. በንጉሡ በጋኪ ሸሮቾ መማረክ ሲያበቃ፣ ኋላም የከፋ ስም መቀመጫው ጅማ ለሆነ ሰፊ ጠቅላይ ግዛት ሲሰጥ፣ ደኑ ከነቡናው በስፍራው ነበረ።

ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. የከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የመዘገበው ስለዚሁ ደን ነው። እንግዳን ወደ ማንኪራ የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከስሙ ይልቅ ደኑን አስቀድማችሁ አሳዩ፤ ልጆቻችሁም እንዲጠብቁት አስተምሩ።